ባህር ዛፉ ስንት ካርቦን ይዟል? ከስሩ ያለው አፈርስ?

ባለፈው ክረምት ማክሰኝት አካባቢ አጎቴ ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣን "እስቲ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ፣ ባህር ዛፌ የያዘው አየር በዶላር ይሸጣል የሚሉት እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ሬድዮ ላይ ሰምተዋል፣ ጎረቤትም አውርቷቸዋል፣ አንዱ ደሞ "ዛፉን እንዳይቆርጡት፣ ፈረንጅ ይከፍልበታል" ብሏቸው ልባቸው ሁለት ሆኗል። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ ተከላው ሲጀመር ካርቦን የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ግን ምን እንደሆነ፣ ዛፉ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ ዛፉ ሲቆረጥ ወዴት እንደሚሄድ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ብዙም የለም። እኔ ደን ተምሬ ለጥቂት ዓመታት ሜትርና የአፈር መቆፈሪያ ይዤ ጫካ ለጫካ ስዞር የነበርኩ ሰው ስለሆንኩ ለሳቸው የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ልናገር። በዚህ ጉዳይ አብዛኛው ሰው ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ወደ ቅጠሉና ወደ ግንዱ። እኔ ዓመታት ቆፍሬ የገባኝ ነገር ወደ ታችም ካላየን ሂሳቡ ግማሽ ሆኖ እንደሚቀር ነው።

ካርቦን ራሱ ምንድነው?

ከሰል አስቡ። ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው፣ እንጨቱ ታፍኖ ሲከስል ውሃውና ጭሱ ወጥቶ የቀረው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ያ ከሰል ምድጃ ላይ ነዶ ሲያልቅ ደሞ አንድ እፍኝ አመድ ብቻ ይቀራል፣ ታዲያ ጥቁሩ ነገር የት ገባ? ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል የማይታይ ጋዝ ሆኖ ሄደ። ይሄ ጋዝ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ልክ እንደ ጋቢ አፍኖ ይይዛል፣ በልኩ ሲሆን ያኖረናል፣ ናፍጣና ቤንዚን የድንጋይ ከሰልም እያነደድን ስንጨምርበት ግን ጋቢው እየወፈረ ምድርን ያሞቃታል።

እዚህ ጋ ብዙ ፖስት የሚሳሳትባት አንድ ቁጥር አለች። 12 ኪሎ ካርቦን ሲነድ የሚወጣው ጋዝ 44 ኪሎ ይመዝናል፣ ምክንያቱም ከአየር የወሰደው ኦክስጅን ይጨመርበታል። ስለዚህ ካርቦንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቀየር በ3.67 ማባዛት ነው። አንድ ቶን ካርቦንና አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አይደሉም፣ አንዱን በሌላው ቦታ ያነበበ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ተሳስቷል ማለት ነው።

ዛፉ ያን ሁሉ ክብደት ከየት አመጣው?

ይሄን ብትጠይቁ አስር ሰው ውስጥ ዘጠኙ "ከአፈር" ነው የሚላችሁ፣ አጎቴም እንደዛ ነው ያሉት። እዚህ አፄ ፋሲል ጎንደርን በሚቆረቁሩበት ዘመን አካባቢ አሁን ቤልጅየም በሚባለው አገር ቫን ሄልሞንት የሚባል ሰው ይሄንኑ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር መዝኖ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ጨመረ፣ ሁለት ኪሎ ከምናምን የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፣ 5 ዓመት ሙሉ ውሃ ብቻ አጠጣ። በመጨረሻ ዛፉን ነቅሎ ሲመዝነው 77 ኪሎ ገደማ ሆኗል፣ አፈሩን አድርቆ ሲመዝነው የጎደለው 60 ግራም እንኳን አይሞላም። እሱ "እንግዲያው ዛፍ ማለት ውሃ ነው" ብሎ ደመደመ፣ ግማሹን አግኝቶታል፣ ሌላው ግማሽ ግን አየር ነው።

ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፣ በነሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል፣ ውሃው ከስር ይመጣል፣ ቅጠሉ በፀሐይ ጉልበት ሁለቱን አዋህዶ ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅኑን ይለቃል። ከዛ ስኳር ግማሽ ያህሉን ዛፉ ራሱ ለመኖር ይበላዋል፣ እሱም መልሶ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው ነው ቅጠል፣ ቅርንጫፍ፣ ግንድና ስር የሚሆነው። አፈሩ የሚሰጠው ትንሽ ማዕድን ነው፣ እሱ ነው ስናነደው አመድ ሆኖ የሚቀረው። ለዚህ ነው አጎቴን "እርስዎ ግቢ ያለው ባህር ዛፍ እኮ የጠጠረ አየር ነው" ያልኳቸው፣ ዝም ብለው ዛፉን ሲያዩት ቆዩ።

አንድ ዛፍ ስንት ይይዛል?

"አንድ ዛፍ በዓመት 22 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል" የምትል ቁጥር ኦንላይን ስትዞር አይታችሁ ይሆናል። የትኛው ዛፍ? የት የበቀለ? የስንት ዓመት? የዛሬ ዓመት የተተከለ ችግኝና የሃምሳ ዓመት ዝግባ እንዴት አንድ ቁጥር ይኖራቸዋል? ቁጥሯን ተዉአትና እንለካ።

ያን ቀን ከአጎቴ ባህር ዛፎች መሀል ትልቁን መረጥን። ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ደረት አካባቢ ማለት ነው፣ ዙሪያውን በሜትር ለካነው፣ 63 ሴንቲ ሆነ። ዓለም ላይ ደን የሚለካ አብዛኛው ሰው እዛችው ቁመት አካባቢ ነው የሚለካው፣ ካልሆነ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ እየለካ ማወዳደር አይቻልም። 63ን ለ3.14 ስናካፍለው ወርዱ 20 ሴንቲ ነው። ቁመቱ 18 ሜትር ያህል። ግንዱ እስከ ላይ እኩል ውፍረት ቢኖረው ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጥ ነበር፣ ግን ወደ ላይ ስለሚቀጥን ከግማሽ ያነሰውን እንይዛለን፣ 0.25 ሜትር ኩብ። የደረቀ ባህር ዛፍ በሜትር ኩብ 600 ኪሎ አካባቢ ብንል ግንዱ ሲደርቅ ወደ 150 ኪሎ ነው። ሲደርቅ የምለው አውቄ ነው፣ እርጥብ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ። ቅርንጫፍና ቅጠሉን ስንጨምር 180፣ መሬት ውስጥ ያለውን ስር ደሞ ከላይኛው ሩብ ያህል ነው ብለን ስንደምር 225 ኪሎ ገደማ።

ደረቅ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ትንሽ ያነሰው ካርቦን ነው፣ ለሂሳብ 47 በመቶ ይያዛል። 225 ኪሎው 106 ኪሎ ካርቦን ሆነ፣ በ3.67 ሲባዛ ወደ 390 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ስለሚለቅ ያ ዛፍ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰበው 145 ሊትር ናፍጣ ከሚለቀው ጋር እኩል ነው። ወደ አዲስ አበባ እህል የሚያመላልስ አይሱዙ የሚጨርሰውን ነዳጅ አስቡና አወዳድሩት። ዛፉን ለማሳነስ አይደለም፣ ዛፍ ብቻውን ነዳጁን ይሸፍናል ብሎ ማሰብ ግን የትም አያደርስም።

ሲቆረጥስ? ሁሉም ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል?

ጎንደር ያለ ሰው ሮቶ ያውቃል፣ የቧንቧ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ሮቶ የሚሞላ ሰው ሁለት ነገር ለይቶ ያውቃል፦ ውሃው በምን ፍጥነት እየገባ ነው የሚለውና ሮቶው ውስጥ አሁን ስንት አለ የሚለው። ካርቦንም ልክ እንደዛ ነው። ወጣት ባህር ዛፍ በኃይል የሚሞላ ትንሽ ሮቶ ነው፣ የድሮ ጥቅጥቅ ያለ ደን ደሞ ቀስ ብሎ የሚገባበት ግን እስከ አፉ የሞላ ትልቅ ሮቶ። "ያረጀ ደን ብዙ አይስብም፣ ቆርጠን በፍጥነት በሚያድግ እንተካው" የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የሞላውን ሮቶ ደፍተን ባዶውን እንሙላ እንደማለት ነው፣ የፈሰሰውን ለመመለስ አስርት ዓመታት ይፈጃል።

ለጣውላና ለምሰሶ ተብሎ የሚተከል ደን ደሞ እየተሞላ እየተቀዳ የሚኖር ሮቶ ነው። ብራዚል ውስጥ ለወረቀት የሚተከለው ባህር ዛፍ በ7 ዓመት ገደማ ይቆረጣል። ቲክ የሚባለው ውድ የሞቃት አገር እንጨት፣ መርከብና የውጪ ወንበር ምናምን የሚሠራበት፣ ማዕከላዊ አሜሪካ ላይ ከ20 እስከ 25 ዓመት ይጠበቃል፣ እስያ ውስጥ 50 ዓመትና ከዛም በላይ የሚቆይበት አለ። እኛ ጋ ደሞ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር መጀመሪያ ከጤፍ ጋር ተክሎ በ4 በ5 ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል።

ታዲያ አንድ ሄክታር ሊቆረጥ ሲል 100 ቶን ካርቦን ይዞ ከነበረ "ይሄ ደን 100 ቶን አስቀመጠልን" ማለት እንችላለን? አንችልም። ከተቆረጠ በኋላ ግንዱ ላይ የነበረው ዜሮ ይሆንና እንደገና ይጀምራል፣ ከዜሮ ወደ 100፣ ከ100 ወደ ዜሮ፣ ስለዚህ በረዥሙ ሲታይ የያዘው አማካይ 50 ቶን ገደማ ነው። ሰው ሁሉ የሚያሳያችሁ ጫፉን ነው፣ እናንተ አማካዩን ጠይቁ። አጎቴ ይሄን ከኔ ቀድመው ነው የገባቸው፣ እሳቸው ዛፋቸውን ባንድ ጊዜ አይቆርጡም፣ በየዓመቱ አንድ ረድፍ ይቆርጣሉ፣ ሌላው ያድጋል፣ ግቢው ሁሌ ግማሽ እንደሞላ ነው።

ከዛ የተቆረጠው እንጨት የት ሄደ የሚለው ይመጣል። ከሰል ከሆነ በቀናት ውስጥ አየር ላይ ነው። አጣና ከሆነ አንዱ ፎቅ ላይ ስካፎልዲንግ ይሆናል፣ ከሌላው ላይ ይዛወራል፣ በመጨረሻ ሲሰባበር ፍልጥ ሆኖ ምጣድ ስር ይገባል። ሞራሌና ጣውላ ከሆነ አልጋ፣ በር፣ ጣሪያ ሆኖ አስርት ዓመታት ይቆያል። አገሮች ሂሳባቸውን ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ደንብ ወረቀት ከያዘው ካርቦን ግማሹ በ2 ዓመት፣ ቺፕውድና ኮምፖልሳቶ በ25፣ ጣውላ ደሞ በ35 ዓመት ይለቀቃል ብሎ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና ስትሉ ከመላእክቱ ፊት መሀል የሚታዩት ወራጆች ከትውልድ ትውልድ የተሻገሩ ናቸው፣ እንጨት ውስጥ ያለው ካርቦን ደረቅ ሆኖ ምስጥና እሳት ካላገኘው ምን ያህል እንደሚቆይ ከዚያ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ማገዶ መሆኑም ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ባህር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ስሩ መሬት ውስጥ በሕይወት እንዳለ ነው፣ ያነደድነውን ያህል እንደገና ካበቀለ ያን ጋዝ መልሶ ይወስደዋል። እናቶቻችን ባህር ዛፍ ባያነዱ ምን ያነዱ ነበር ብላችሁ ጠይቁ፣ ወይ የቤተክርስቲያን ወይራና ጽድ፣ ወይ ኩበት። ኩበቱን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ታች፦ አፈሩ ውስጥ ምን አለ?

ምድር ላይ ያለው አፈር የያዘው ካርቦን አየር ውስጥ ያለውና ዕፅዋት ሁሉ የያዙት ተደምሮ ከሚሆነው ይበልጣል። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ስሰማው አላመንኩም ነበር፣ አፈር የሞተ ነገር ይመስለኝ ነበርና።

እንዴት ገባ? ቅጠል ይረግፋል፣ ጭራሮ ይወድቃል፣ ፀጉር የሚያካክሉ ቀጫጭን ስሮች ደሞ በየጊዜው መሬት ውስጥ ይሞታሉ። ምስጡ፣ የምድር ትሉ፣ ሻጋታው፣ ባክቴሪያው ይመጡበታል፣ አብዛኛውን በልተው ልክ እንደኛ ተንፍሰው ጋዝ አድርገው ያወጡታል። ትንሹ ክፍል ግን ከሸክላው ብናኝ ጋር ተጣብቆ፣ ጓል ውስጥ ተደብቆ፣ በላተኛ እንዳይደርስበት ሆኖ ይቀራል። አባቶቻችን እህል ጉድጓድ ቆፍረው የሚያኖሩት ለምን ነበር፣ አየር ካላገኘው ነቀዝ አይበላውም፣ አይደል? አፈርም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ወደ ጥልቁ ሲወረድ መቶ ብቻ ሳይሆን ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ካርቦን የሚገኝበት አለ። ዋልካውን ብትወስዱ ሸክላው ስለሚበዛ አጥብቆ የመያዝ አቅም አለው፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ግን እንደ ወንፊት ነው።

መጠኑን ለማወቅ አፈሩን በቀለበት ቆርጠን እናወጣለን፣ በምድጃ በ105 ዲግሪ እናደርቃለን፣ እንመዝናለን፣ ላብራቶሪ ደሞ ከመቶ ስንቱ ካርቦን እንደሆነ ይነግረናል። እስቲ አንድ ሄክታር፣ 30 ሴንቲ ጥልቀት እንውሰድ፣ 3,000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 1.1 ቶን ቢመዝን ሁሉም 3,300 ቶን። ከዛ ውስጥ 2 በመቶ ብቻ ካርቦን ቢሆን 66 ቶን ሆነ! ቅድም በአማካይ 50 ቶን የሚይዝ ደን ያልነው ትዝ ይበላችሁ፣ ከስሩ ያለው የላይኛው አፈር ብቻ ከዛፎቹ አማካይ በለጠ፣ ከ30 ሴንቲ በታች ያለውን ገና አልቆጠርንም። 2 በመቶው ወደ 1.5 ቢወርድ ደሞ ማንም ሳያየው፣ ጭስ ሳይወጣ፣ ከሄክታር ከ16 ቶን በላይ ጠፋ ማለት ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ሰው ይጮሃል፣ አፈር ሲጎዳ ግን ማን ይሰማል፣ እኔን ሁሌ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዛፍ ከተተከለ አፈሩ ሁሌ ያተርፋል?

አያተርፍም፣ ከዛ በፊት መሬቱ ላይ ምን እንደነበረ ነው የሚወስነው። በፈረንጆች 2002 ጉኦ እና ጊፎርድ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዓለም ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አምጥተው አነጻጽረው ነበር። የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን የአፈሩ ካርቦን በአማካይ 42 በመቶ ቀነሰ። የተፈጥሮ ደን ተቆርጦ በተተከለ ደን ሲተካ 13 በመቶ ቀነሰ፣ የግጦሽ መሬት ላይ ዛፍ ሲተከል እንኳን 10 በመቶ ቀነሰ። የታረሰ መሬት ላይ ሲተከል ግን 18 በመቶ ጨመረ። አማካይ ነው፣ የየቦታው ይለያያል፣ ግን አቅጣጫውን በደንብ ያሳያል።

ግጦሹ ለምን ቀነሰ የሚል ይኖራል። ሣር እኮ ትንሽ ይመስላል እንጂ ስሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ በየዓመቱ ብዙ ስር ይሞታል፣ ያ ሁሉ አፈሩ ውስጥ ይገባል፣ ዛፍ ሲመጣና ጥላው ሣሩን ሲያጠፋው ያ መኖ ይቋረጣል፣ ለተከላ ጉድጓድ ሲቆፈርና ሲታረስ ደሞ ጓሉ ተሰብሮ የተደበቀው ይጋለጣል። ማረሻ ደጋግሞ የገለበጠው፣ የተራቆተ ዳገት ላይ ሲተከል ግን መጀመሪያም ብዙ የሚጠፋ ነገር ስላልነበረው መጨመር ብቻ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ችግኝ ይዛችሁ ስትወጡ ለቦታ ምርጫው ተጨነቁ፣ ጥሩ የሣር መስክ አትንኩ፣ ቦረቦር የበላው ዳገት ሞልቶልናል።

ከተተከለ በኋላም አያያዙ አለ። ቲክን ልጥቀስ። ቅጠሉ እንደ ትልቅ ሰፌድ ሰፊ ነው፣ ዝናቡ እሱ ላይ ተጠራቅሞ ትልልቅ ጠብታ ሆኖ ከከፍታ ይወርዳል። ከስሩ ቁጥቋጦና የረገፈ ቅጠል ካለ ጠብታውን ይቀበለዋል፣ ግን ብዙ ቦታ በበጋ የረገፈው ቅጠል በእሳት ይነዳል፣ መሬቱ ባዶ ይሆናል፣ ክረምት ሲመጣ ጠብታው ባዶውን አፈር እየቀጠቀጠ ያጥበዋል። ከላይ ሲታይ የሚያምር ደን ነው፣ ከታች ግን አፈሩና ካርቦኑ አብረው ወደ ወንዝ እየሄዱ ነው።

የኛ ባህር ዛፍ ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ መጣ፣ የማገዶ ችግርን አቃለለ፣ እሱን መካድ አይቻልም። ግን ከስሩ ሌላ ነገር እንደልብ አያበቅልም፣ የረገፈውን ቅጠልም አንተወውም። በጠዋት ወደ ጎንደር ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚገቡ እናቶችን ታውቃላችሁ፣ ሸክሙ ከነሱ ይበልጣል፣ በሱ ነው ልጅ የሚያሳድጉት፣ በሱ ነው እንጀራችን የሚጋገረው። እነሱን መውቀስ ነውር ነው። እውነታውን ግን መደበቅ አልችልም፣ አፈሩ ውስጥ ሊገባ የነበረው ምግብ ነው በየቀኑ እየተጠረገ ወደ ከተማ የሚገባው፣ ዛፉ 20 ዓመት ቆሞ አፈሩ ምንም ሳይጨምር የሚቀርባቸው ቦታዎች ያሉት አንዱ በዚህ ነው።

ኩበቱ ጋ ልመለስ። ኩበት ማለት የማሳው ካርቦንና ማዳበሪያ ነው፣ ስናነደው አየር ላይ ይወጣል፣ ማሳው ባዶውን ይቀራል። ገበሬው በቂ ማገዶ እንጨት ካለው ኩበቱ ወደ እርሻው ይመለሳል። እና የባህር ዛፍ ግቢ ለአፈር የሚጠቅመው አንዳንዴ ራሱ የቆመበትን ሳይሆን ማዶ ያለውን የጤፍ ማሳ ነው፣ ዛፍ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሄን አያየውም።

ባህር ዛፍ ይሻላል አገር በቀል?

ለምን እንደፈለጋችሁት ነው። በፍጥነት ለሚያስፈልግ አጣናና ማገዶ ባህር ዛፍን የሚያክል የለም። ካርቦኑ ለረዥም ዘመን ይቀመጥ ከተባለ ግን ጉግል ኧርዝ ከፍታችሁ ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር ያለውን አገር እዩት፣ ቡናማው እርሻ መሀል ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ታያላችሁ፣ እያንዳንዷ መሀሏ ቤተክርስቲያን አለ። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ሁሉም በየቁመቱ፣ ስሩም በየጥልቀቱ፣ ቅጠሉን የሚጠርገው የለም። ሊቦ ከምከም ታራ ገዳም ደን ውስጥ ገብታችሁ እጃችሁን አፈሩ ላይ ብታደርጉ ጥቁርና ልፍስፍስ ነው፣ እርጥብ ሽታ አለው፣ አጥሩን ተሻግራችሁ እርሻው ላይ ስትወጡ ቀለሙ ይለወጣል። ያን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። ለጣውላ ተብሎ በሚተከለውም ላይ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ወደ አፈር የሚያስገቡ እንደ ግራር ያሉ ዛፎች ተቀላቅለው ሲተከሉ ብዙ ቦታ የተሻለ ውጤት አለው።

ታዲያ ካርቦን ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?

ይሸጣል። ግን አየሩን በጆንያ ሰፍሮ የሚወስድ የለም፣ የሚሸጠው የምስክር ወረቀት ነው፣ ካርቦን ክሬዲት ይባላል፣ አንዱ ክሬዲት አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚገዛው ነዳጅ እያነደደ "እዛ ማዶ ያስቀመጡልኝ አሉ" ማለት የሚፈልግ ድርጅት ነው። ገዢው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ያለኔ ገንዘብ ይሄ ዛፍ ይተከል ነበር ወይ? ይተከል ከነበረ አልከፍልም፣ አዲስ ነገር አልመጣምና። ስንት ዓመት ይቆያል? ነገ ቢነድስ? ለዚህ ሲባል ከክሬዲቱ የተወሰነው ሳይሸጥ ለመጠባበቂያ ይያዛል። ሦስተኛው፣ እዚህ ፍየልና መጥረቢያ ስትከለክሉ ፍየሉ ጎረቤት ጫካ ገባ ወይ? ከገባ ከሂሳቡ ይቀነሳል።

በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ወላይታ ያለው የሁምቦ ፕሮጀክት ነው። በፈረንጆች 2006 ተጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከለለ፣ ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሠራው፣ በዓለም ባንክ በኩል የካርቦን ገዢ ተገኘለት፣ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ታስቧል። በጣም የምወደው ግን አብዛኛው ደን ችግኝ ተተክሎ የበቀለ አለመሆኑ ነው። መሬት ውስጥ የቀሩ የድሮ ዛፎች ጉቶና ስር ነበሩ፣ ከብትና መጥረቢያ ሲነሳላቸው፣ ቡቃያው እየተመረጠ ሲገረዝ ራሳቸው ተነሱ። ሰው ባዶ ተራራ ያለው መሬት ከስሩ ደን ይዞ ነበር።

የአጎቴስ ባህር ዛፍ?

አብረን ሠራነው። መሬቱ ሩብ ሄክታር ቢሆን ነው፣ 300 ያህል ግንድ አለው፣ አብዛኛው ቀጭን ስለሆነ አንዱ በአማካይ 100 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል ብንል 30 ቶን፣ በየዓመቱ አንድ ረድፍ ብቻ ስለሚቆረጥ አማካዩም ይኸው ነው። ቶኑ 10 ዶላር ቢሸጥ እንኳን 300 ዶላር፣ እሱም በየዓመቱ ሳይሆን አንዴ፣ ለለካውና ላረጋገጠው ባለሙያ ሳይከፈል። አንድ ባለሙያ ለሩብ ሄክታር ብሎ አይመጣም፣ ለዛ ነው የሁምቦ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ያደረጉት። ከሁሉም በላይ ዛፉ እሳቸው ለራሳቸው የተከሉት ነው፣ "ያለኔ ገንዘብ ይተከል ነበር ወይ" ለሚለው መልሱ "አዎ፣ ተተክሏል" ነው።

"እንግዲያው አጣናዬን ልሽጥ" አሉ። "ይሽጡ፣ ማንም አይከለክልዎትም" አልኳቸው።

ግን አልተነሱም። ቆይተው "ያ ከስር ያልከው ነገር፣ የኔም አፈር አለው?" አሉኝ። ተነስተን ሄድን። ግቢው ወደ ቦረቦሩ የሚያዘነብልበት ጥግ ላይ አንዲት ዋንዛ አለች፣ እሾህ ስለከበባት ቅጠል ለቃሚ አይደርስባትም፣ እዛ አንድ ጉድጓድ፣ ከባህር ዛፉ መሀል ደሞ ሌላ ጉድጓድ ቆፈርን። የባህር ዛፉ ገርጣ ያለና ድርቅ ያለ ነው። የዋንዛዋ እስከ ክንድ ድረስ ጥቁር ነበር፣ ስንጨብጠው እንደ ሊጥ ተያያዘ፣ ትል ወጣበት። አጎቴ ሁለቱን አፈር በሁለት እጃቸው ይዘው ረዥም ጊዜ አዩት፣ ከዛ ልጃቸውን ጠርተው "ከነገ ጀምሮ ከቦረቦሩ ወዲህ ያሉትን ሁለት ረድፍ ቅጠል አትጥረጉ፣ ለእናትሽም ንገሪ" አሏት። ናሙናውን በላስቲክ አስሬ ወደ ጎንደር ይዤው መጣሁ።